የሲጋራ ጭስን ለመቀነስ የሚሸጡ የቤት ውስጥ መሣሪያዎች፦ የሚችሉትና የማይችሉት

የሲጋራ ጭስ የሚጎዳው አጫሹን ብቻ ሳይሆን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን ሁሉ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገራት በርካታ ሠራተኞች አንድን ክፍል ለሁለት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆነው ይኖሩበታል። የቤት ሠራተኞችም በአሠሪዎቻቸው ቤት ውለው ያድራሉ። ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት መስኮቱ ተዘግቶ የአየር ማቀዝቀዣው ሌሊትና ቀን ስለሚሠራ፣ በቤት ውስጥ የተጨሰ ሲጋራ ጭስ መውጫ አጥቶ እዚያው ይቆያል።

ይህን ችግር ለማቃለል የታሰቡ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች በገበያ አዳራሾችና በኢንተርኔት መደብሮች ይሸጣሉ። ጭስ የሚስብ መተርኮሻ፣ የአየር ማጽጃ፣ አዮን የሚረጭ መሣሪያ፣ ኦዞን አመንጪ፣ አየር ማስወጫ ማራገቢያና ልዩ ልዩ የሽቶ ዓይነቶች ይገኙበታል። ይህ ጽሑፍ እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሚሠሩ፣ ከጭሱ ምን ያህሉን እንደሚቀንሱና የትኛውን ክፍል እንደሚተዉ ያብራራል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሊታወቅ የሚገባው፣ የሽታ መጥፋት አየሩ ለጤና ተስማሚ መሆኑን የማያረጋግጥ መሆኑ ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በሽታው ላይ ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰው ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ የማይሸትና ለዓይን የማይታይ ነው።

ጭሱ ከምን የተሠራ ነው?

ሲጋራ ሲጨስ ጭሱ በሁለት መንገድ ወደ ክፍሉ ይገባል። አንደኛው ከሚነደው ጫፍ በቀጥታ የሚወጣው ሲሆን፣ ሁለተኛው አጫሹ ስቦ መልሶ የሚተነፍሰው ነው። በክፍሉ አየር ውስጥ ከሚገኘው ጭስ 85 በመቶ ያህሉ የሚመነጨው ከሚነደው ጫፍ ነው። ስለዚህ አጫሹ ሲጋራውን መተርኮሻ ላይ አስቀምጦ ወሬ ሲያወራ ወይም ስልክ ሲያነጋግር እንኳ ጭሱ ክፍሉን መሙላቱን አያቆምም።

ጭሱ የሁለት ነገሮች ድብልቅ ነው። የመጀመሪያው ደቃቅ ብናኝ ሲሆን፣ አብዛኛው ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ በታች ነው። ይህን ያህል የደቀቀ ብናኝ ቶሎ ወደ መሬት አይወርድም፤ በአየር ላይ ተንሳፎ ይቆይና ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ጥልቀት ይገባል። ሁለተኛው ጋዝ ነው። ከእነዚህም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ፎርማልዲሃይድና አሞኒያ ይገኙበታል። በጠቅላላው በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች እንዳሉና ከእነዚህም 70 ያህሉ ካንሰር እንደሚያስከትሉ የጤና ተቋማት ይገልጻሉ።

የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሪፖርት እንደተመለከተው፣ የሌላውን ሰው ሲጋራ ጭስ መተንፈስ ጉዳት የማያስከትልበት ምንም ዓይነት መጠን የለም። ሪፖርቱ በቤትም ሆነ በሥራ ቦታ ለጭሱ የተጋለጠ የማያጨስ ሰው በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ እንደሚጨምር ያስረዳል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ጭሱ የጆሮ ሕመምን፣ የመተንፈሻ አካል ሕመምንና የአስም መባባስን ያመጣል፤ ጨቅላዎች በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የመሞታቸውንም አደጋ ያሳድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ የማያጨሱ ሰዎች በሌሎች ሰዎች የትምባሆ ጭስ ምክንያት ሕይወታቸው እንደሚያልፍ ይገምታል።

ጭስ የሚስብ መተርኮሻና የትንፋሽ ማጣሪያ

ጭስ የሚስብ መተርኮሻ በባትሪ ድንጋይ ወይም በስልክ ቻርጀር የሚሠራ አነስተኛ ዕቃ ነው። በውስጡ ትንሽ ማራገቢያና ከከሰል የተሠራ ስስ ፊልተር አለው። ሲጋራው በመተርኮሻው ላይ ሲቀመጥ ማራገቢያው ከጫፉ የሚወጣውን ጭስ ወደ ታች ስቦ በፊልተሩ ውስጥ ያሳልፈዋል።

የመሣሪያው ድክመት ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። አንደኛ፣ የሚሠራው ሲጋራው በላዩ ላይ በተቀመጠበት ጊዜ ብቻ ነው፤ በእጅ ተይዞ ሳለ የሚወጣውን ጭስ ሊደርስበት አይችልም። ሁለተኛ፣ አጫሹ የሚተነፍሰውን ጭስ አይነካም። ሦስተኛ፣ ስስ የሆነው ፊልተር ከሽታው ጥቂቱን ቢይዝም ደቃቁን ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድን ያሳልፋል፤ በማራገቢያው የተሳበው አየርም ተመልሶ የሚወጣው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

በእጅ የሚያዘው የትንፋሽ ማጣሪያ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አጫሹ ጭሱን በአንድ ቱቦ ውስጥ እንዲተነፍስ ያደርጋል፤ ከሚነደው ጫፍ የሚወጣውንና ከሁሉ የሚበዛውን ጭስ ግን ይተወዋል። ሁለቱም ባንድነት ቢያዙ እንኳ ክፍሉን ከጭስ ነፃ አያደርጉትም።

የአየር ማጽጃ

ከቤት ውስጥ መሣሪያዎች መካከል በእውነት ብናኝ የሚቀንሰው ሄፓ የተባለ ፊልተር ያለው የአየር ማጽጃ ነው። ትክክለኛ የሄፓ ፊልተር 0.3 ማይክሮሜትር ስፋት ካላቸው ብናኞች 99.97 በመቶውን ይይዛል። የሄፓ ፊልተር ግን ጋዝ አይዝም። ለዚህ ሲባል ብዙ ማጽጃዎች አክቲቬትድ ካርቦን የሚባል ልዩ ከሰል ይጨመርባቸዋል። ይህ ከሰል በውስጡ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ረቂቅ ቀዳዳዎች ስላሉት የሽታ ጋዞችን በገላው ላይ ይይዛል። ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድን መያዝ አይችልም።

በካርቦኑ ብዛት ረገድ ዕቃዎቹ እጅግ ይለያያሉ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው በጥቁር ዱቄት የተነከረ ስስ ስፖንጅ ብቻ ሲሆን፣ በየዕለቱ በሚጨስበት ቤት ውስጥ ፈጥኖ ይሞላል። ከሞላ በኋላ አዲስ ሽታ መያዝ ያቆማል፤ ክፍሉ ሲሞቅም ቀድሞ የያዘውን መልሶ ይለቃል። በጠጠር መልክ የተዘጋጀና ክብደት ያለው ካርቦን የያዘ ማጽጃ በአንጻሩ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።

ማጽጃ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከማስታወቂያው ይልቅ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንድ ቁጥር መመልከት ይገባዋል። ይህም መሣሪያው በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር እንደሚሰጥ የሚያመለክተው፣ ሲ.ኤ.ዲ.አር በመባል የሚታወቀው መለኪያ ነው። ቁጥሩ ለጭስ፣ ለአቧራና ለአበባ ብናኝ ተለይቶ ከተጻፈ የጭሱን መውሰድ ያስፈልጋል። ለክፍሉ የሚበቃውን ለማወቅ ርዝመቱን በወርዱና በከፍታው ማባዛት፣ የተገኘውንም በ5 ማባዛት ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ስለዚህ በሰዓት ቢያንስ 200 ሜትር ኩብ የሚያጸዳ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ቁጥሩ የሚለካው መሣሪያው በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠራ መሆኑም አይዘንጋ። በሌሊት ድምፁን ለመቀነስ ፍጥነቱ ዝቅ ሲደረግ የሚያጸዳው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ይህን የሚያህል መሣሪያ ምን ያህል እንደሚረዳ በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ሲጋራ ወደ ክፍሉ የሚለቀው ደቃቅ ብናኝ በግምት 10 ሚሊግራም ነው። በተዘጋና 40 ሜትር ኩብ በሚይዝ ክፍል ውስጥ ሲበተን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 250 ማይክሮግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት የ24 ሰዓቱ አማካይ ከ15 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። ማጽጃው በሙሉ ኃይሉ ከሠራ ሲጋራው በጠፋ በ8 ደቂቃ ውስጥ ብናኙን በግማሽ፣ በ28 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል። ይህ ቀላል የማይባል እርዳታ ነው።

ይሁንና በዚያው ክፍል ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ተቀምጠው በሰዓት አራት ሲጋራ ቢያጨሱ ስሌቱ ይለወጣል። ማጽጃው ያለማቋረጥ እየሠራ እንኳ በአየሩ ውስጥ የሚቆየው ብናኝ በአማካይ ወደ 200 ማይክሮግራም ይጠጋል፤ አዲሱ ጭስ የቀድሞው ተጣርቶ ሳያልቅ ይደርሳልና። ከአጫሹ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጭሱን የሚተነፍሰው ወደ ማጽጃው ከመድረሱ በፊት ነው። ስለዚህ ማጽጃው ይበልጥ የሚጠቅመው ከሌላ ክፍል፣ ከኮሪደር ወይም ከጎረቤት ሾልኮ የሚገባውን ጭስ ለመቀነስ ነው። በሚጨስበት ክፍል ውስጥ የሚያጨሱትንና የማያጨሱትን አብሮ ለማኖር ግን አይበቃም።

የፊልተር መለወጫ ዋጋም ከመግዛት በፊት መጠየቅ አለበት። ጭስ በሚበዛበት ቤት ፊልተሩ አምራቹ ከተናገረው ጊዜ ቀድሞ ይሞላል። ይታጠባል ተብሎ ካልተጻፈበት በቀር የሄፓ ፊልተር በውኃ አይታጠብም።

አዮን የሚረጩና ኦዞን የሚያመነጩ መሣሪያዎች

አዮን የሚረጭ መሣሪያ ብናኙ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲኖረውና በግድግዳ፣ በመጋረጃና በዕቃ ላይ እንዲለጠፍ ያደርጋል። ብናኙ ከአየር ቢወርድም ከቤት አይወጣም። በመሣሪያው አካባቢ ግድግዳው ሲጠቁር የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ በተጓዳኝ ኦዞን ይፈጥራሉ።

ኦዞን አመንጪ ደግሞ ሆን ተብሎ ይህን ጋዝ እንዲለቅ የተሠራ ነው። ሻጮች «አየርን በተፈጥሮ መንገድ የሚያድስ» እያሉ ቢያስተዋውቁትም ኦዞን ሳንባን የሚያቆስል ጋዝ ነው፤ ሳል፣ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ያስከትላል፤ የአስም ሕመምተኞችንም ያባብስባቸዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ሰዎች ባሉበት ቦታ እንዲሠራ የትኛውም የአገሪቱ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዳልሰጠው ገልጿል። የካሊፎርኒያ ግዛትም የቤት አየር ማጽጃዎች ከ0.050 ፒ.ፒ.ኤም በላይ ኦዞን እንዳይለቁ በደንብ ከልክላለች። ስለዚህ በሚተኙበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ ማብራት ከጭሱ ጉዳት ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው።

የአየር ማቀዝቀዣና የአየር ማስወጫ

በብዙዎች ዘንድ የሚገኝ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። ይኸውም የአየር ማቀዝቀዣ እስካለ ድረስ አየሩ ይታደሳል የሚለው ነው። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለውና ሞተሩ ከውጭ የሚቀመጠው የተለመደው ኤሲ ግን ከውጭ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ እዚያው ይመልሰዋል። ያለው ወንፊት የሚይዘው ሻካራ አቧራ ብቻ በመሆኑ የሲጋራ ብናኝ ሳይያዝ ያልፋል። በጊዜ ብዛት የጭሱ ቅባት በማቀዝቀዣው ብረት ላይ ስለሚጋገር፣ ማንም ባላጨሰበት ቀን እንኳ ኤሲው ሲከፈት ሽታው ይመጣል። ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ደግሞ በአንድ ክፍል የተጨሰው ጭስ በአየር ቱቦው አማካይነት ወደ ሌሎች ክፍሎች ሊደርስ ይችላል።

ጭስን በእርግጥ ከቤት የሚያወጣው አየርን ወደ ውጭ የሚገፋ ማራገቢያ ነው። በመታጠቢያ ቤትና በማእድ ቤት የሚገኙት ማስወጫዎች ለዚህ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን የሚወጣውን አየር የሚተካ አየር መግቢያ ያስፈልጋቸዋል። በሌላ በኩል ያለ መስኮት ጥቂት ከፈት ሲል ሥራቸው ይሻሻላል። ከምድጃ በላይ የሚገጠመው ጭስ ሳቢ ሁለት ዓይነት መሆኑንም ማወቅ ይበጃል። አንደኛው በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ሌላው ግን በፊልተር አሳልፎ ወደ ክፍሉ ይመልሳል። እንዲሁም በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ማጨስ በአንዳንድ ሕንጻዎች ጭሱን በጋራ ቱቦ በኩል ወደ ጎረቤት መላክ ይሆናል።

ከኮሪደር ወይም ከጎረቤት የሚመጣን ጭስ ለመከላከል ርካሽ የሆነው ዘዴ በበሩ ሥር የሚለጠፈው ጎማና በበሩ ዙሪያ የሚደረገው የስፖንጅ ማሸጊያ ነው። ዋጋው አነስተኛ ቢሆንም ጭሱን ከምንጩ በኩል ስለሚያግድ ከብዙ ሽቶዎች የተሻለ ውጤት አለው።

እጣን፣ ቡኹር፣ ሻማና ሽቶ

በአገር ቤት ቡና ሲፈላ እጣን ማጤስ፣ በባሕረ ሰላጤው አገራትም ለእንግዳ ክብር ቡኹር ማጤስ ሥር የሰደዱ ልማዶች ናቸው። መዓዛቸው ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም የሲጋራን ጭስ አያጠፉም። እንደማንኛውም የሚነድ ነገር የራሳቸውን ደቃቅ ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራሉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሲጋራ ሽታ ለመሸፈን እጣን ማጤስ ጭስን በጭስ ላይ መደረብ ስለሆነ፣ የሚጤስ ከሆነ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። የሻማም ነገር እንዲሁ ነው።

በቆርቆሮ የታሸገ የቤት ሽቶ ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ከአየሩ ምንም አያስወግድም። ብዙውም ተቀጣጣይ ስለሆነ ሲጋራ በተለኮሰበት አጠገብ መርጨት ለእሳት ይዳርጋል። በቤት ውስጥ የሚተከሉ አበቦችም አየር ያጸዳሉ ሲባል ይሰማል፤ ነገር ግን በተለመደ ክፍል ውስጥ የሚታይ ለውጥ ለማምጣት ቤቱን እስኪያጨናንቁት ድረስ ብዙ ተክሎች እንደሚያስፈልጉ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የምርምር ግምገማ አሳይቷል።

ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ

ሺሻ ጭሱ በውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ ይጣራል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም። ከትምባሆው በተጨማሪ ከሰሉ ራሱ ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ ሽታም ሆነ ቀለም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያስከትላል፤ ሲበዛም ይገድላል። ከላይ የተጠቀሱት መተርኮሻዎችና አየር ማጽጃዎች አንዳቸውም አያስወግዱትም። በመሆኑም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሺሻም ሆነ ለሌላ አገልግሎት ከሰል ማቀጣጠል ወይም የነደደውን ከሰል አኑሮ መተኛት ለሕይወት አስጊ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ መኖርን በድምፅ የሚያስጠነቅቅ አነስተኛ መሣሪያ አለ፤ ከሰል ወይም ጋዝ በሚነድበት ቤት ቢገጠም ይመከራል። ድምፁ ከተሰማ ወዲያውኑ ወደ ውጭ መውጣትና እርዳታ መጥራት ይገባል።

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም «ጭስ አልባ» ተብሎ ይሸጣል። የሚወጣው ግን ተራ የውኃ እንፋሎት አይደለም። ኒኮቲንና ሌሎች ኬሚካሎችን የያዘ ረቂቅ ጠብታ በመሆኑ አጠገቡ ያለ ሰው ይተነፍሰዋል።

በዕቃ ላይ የሚቀረው ዝቃጭና የጽዳት ጥንቃቄ

ጭሱ ከአየር ከጠፋ በኋላም ኒኮቲኑና ቅባቱ በግድግዳ፣ በመጋረጃ፣ በምንጣፍና በፍራሽ ላይ ይቀራል። በአሜሪካ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት፣ ይህ ዝቃጭ ኒኮቲን በቤት አየር ውስጥ ከሚገኝ ናይትረስ አሲድ ጋር ተዋሕዶ ካንሰር አምጪ ውሕዶችን ይፈጥራል። በወለል ላይ የሚድኹና እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚወስዱ ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

ይህን ማስወገድ የሚቻለው በመታጠብ ነው። መጋረጃና አልጋ ልብስ ይታጠባል፤ ግድግዳና በር በሞቀ ውኃና በሳሙና ይታሻል፤ የኤሲው ወንፊት በየጊዜው ታጥቦ ደርቆ ይመለሳል። በጽዳት ሥራ ላይ የተሰማሩ ወገኖች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። የሲጋራ ቢጫ ዝቃጭ እንዲለቅ በማሰብ በረኪናን ከአቼቶ ወይም አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራልና ፈጽሞ መደረግ የለበትም። መተርኮሻ የሚያጸዳ ሰውም ጓንት ማድረግና ከመጀመሩ በፊት መስኮት ከፍቶ ክፍሉን ማናፈስ ይጠቅመዋል።

ከእሳት አደጋ መጠበቅ

ከሲጋራ ጋር የተያያዘው ሌላው አደጋ እሳት ነው። አልጋ ላይ ሆኖ ማጨስ፣ በተለይም በእንቅልፍ ሰዓት፣ ለሕይወት አስጊ ነው። መተርኮሻ ጠለቅ ያለና የማይገለበጥ መሆን አለበት፤ ጥቂት ውኃ ወይም አሸዋ ቢጨመርበት ይመረጣል። ቁራጩ መጥፋቱ ሳይረጋገጥ ወደ ቆሻሻ መጣያ መገልበጥ፣ ከበረንዳም ወደ ታች መወርወር አይገባም። አንዳንዶች ሲጋራ ሲያጨሱ እንዳይጮኽ በማለት በጣሪያ ላይ ያለውን የጭስ ማስጠንቀቂያ በላስቲክ ይሸፍናሉ ወይም ባትሪውን ያወጣሉ። ይህ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ለአደጋ የሚያጋልጥ ተግባር ነው።

ሕግና የባለሙያዎች አቋም

መሣሪያዎቹ ጭሱን ሙሉ በሙሉ እንደማያስወግዱ የሚናገሩት የጤና ተቋማት ብቻ አይደሉም። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የአቋም ሰነድ በቤት ውስጥ የሚያጋጥመውን የጭስ ጉዳት ፈጽሞ ለማስወገድ የሚቻለው ማጨስን በመከልከል ብቻ መሆኑን አስታውቋል። ይህን ያሉት የአየር ማስተካከያ መሣሪያዎችን የሚነድፉት መሐንዲሶች ራሳቸው መሆናቸው ለቃሉ ክብደት ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አባል አገራትም እ.ኤ.አ. በ2007 ባጸደቁት መመሪያ አየር ማናፈሻና ለአጫሾች የተለየ ክፍል በቂ መከላከያ እንዳልሆኑ አስፍረዋል።

በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የትምባሆ ቁጥጥር ፌዴራላዊ ሕግ ቁጥር 15 በተዘጉ ሕዝባዊ ቦታዎች ማጨስን ይገድባል፤ ዕድሜው ከ12 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ባለበት የግል መኪና ውስጥ ማጨስንም ይከለክላል። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በማናቸውም የተዘጋ ሕዝባዊና የሥራ ቦታ፣ እንዲሁም ከበርና ከመስኮቱ በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። በግል መኖሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ጉዳይ ግን በአብዛኛው የሚወስነው የነዋሪዎቹ ስምምነትና የሕንጻው ደንብ ነው።

በጋራ መኖሪያ ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው እርምጃ በክፍሉ ውስጥ እንዳይጨስ መስማማትና ለማጨሻ ከበርና ከመስኮት የራቀ፣ በሕንጻው ደንብ የተፈቀደ የውጭ ቦታ መለየት ነው። ስምምነቱ አጫሹን የሚያሳፍር መሆን የለበትም። አብሮ አዳሪዎች አዲስ ሰው ከመግባቱ አስቀድሞ ቢነጋገሩበት ጠብ ይቀራል። ክፍሉን ማከፋፈል የሚቻል ከሆነም የማያጨሱትን በአንድ፣ የሚያጨሱትን በሌላ እንዲመድቡ የመኖሪያውን ኃላፊ መጠየቅ ይቻላል።

በሰው ቤት የምትሠራ እኅት አሠሪዎቿን እንዳያጨሱ ለማዘዝ አትችል ይሆናል። ሆኖም ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም አስም ካለባት ሁኔታዋን ለእመቤቲቱ በትሕትና መግለጽ፣ የምትተኛበት ክፍል በር በጎማ እንዲታሸግ መጠየቅና ሳሎን ስታጸዳ አስቀድማ ማናፈስ ትችላለች። በቤቱ ውስጥ ሕፃን ካለ የሕፃኑን ጤና አንሥቶ መነጋገር ብዙውን ጊዜ በቀና መንፈስ ይሰማል።

ሁለተኛው እርምጃ ከውጭ የሚገባውን ጭስ ማሸግና የቆየውን ዝቃጭ ማጠብ ነው። ሦስተኛው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ችግሩ ካልተወገደ፣ ለክፍሉ ስፋት የሚበቃ ሄፓና በቂ ካርቦን ያለው ማጽጃ መግዛት ነው። በርካታ ሰዎች ግን ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ ገንዘባቸውን ለመሣሪያው ካወጡ በኋላም ማጨሱ በክፍሉ ውስጥ ይቀጥላል።

ማጨስ ለማቆም ለሚፈልጉም እርዳታ አለ። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፓች በፋርማሲዎች ይገኛሉ፤ ሐኪምም የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች አሉ። ምክርና መድኃኒት አብረው ሲሰጡ ለብቻ ከሚደረግ ሙከራ ይልቅ የመሳካት ዕድላቸው የላቀ ነው። ማጨሱን በዚሁ መንገድ የተወ ሰው የራሱን ጤና ይጠብቃል፤ አብረውት የሚኖሩትም ያለ ምንም መሣሪያ ከጭሱ ይገላገላሉ።